ባሌስትራውን ያለዘበው ጭነት

ገረሱ በአሮጌ ላንድሮቨር ከኮልፌ ወደ ገጠር ሰው እያመላለሰ የሚኖር ሾፌር ነበር። በደርግ ጊዜ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ጎረቤቱ መካኒኩ ጋሽ ይገዙ መንገጫገጭን የሚያበርዱትን ያለቁ የኋላ ባሌስትራና አሞርዛተር አውልቀው፣ ለከባድ ሸክም የተሠራ ጠንካራ የጭነት መኪና ባሌስትራና አሞርዛተር ገጠሙለት። መኪናዋ ከኋላ ከፍ አለች፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን ክፉኛ ትዘላለች።

በዚያው ሰሞን ሚስቱን ዋጋነሽን ምጥ ያዛት። ሐኪም ደግሞ እንዳትንገጫገጭ አስጠንቅቋት ነበር።

«ባሌስትራው ክብደት ሲያገኝ ይለዝባል፤ ሰው ጫን» አሉት ጋሽ ይገዙ።

የሰፈሩ ሰው ከመኪናዋ ኋላ ሊጠቀጠቅ ተሰበሰበ።

«ውፍረቴን ስታሙ ከርማችሁ ዛሬ ፈለጋችሁኝ?» አሉ ከጎረቤቶቹ አንዷ እትዬ ጥሩብርሃን፣ ከሁሉ ቀድመው መኪናዋ ላይ እየወጡ።

ባሌስትራው ረገበ፤ መኪናዋም ጉድጓዱን ሁሉ በዝግታ አልፋ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ዋጋነሽ በሰላም ተገላገለች። ገረሱ ደጅ ወደሚጠብቁት ጎረቤቶቹ ወጥቶ አንድ በአንድ አቅፎ ሳማቸው፤ የእትዬ ጥሩብርሃንን ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።