በሬና ዓሣ የተጋጠሙበት ስጋጃ

የመሐል ሜዳዋ ስጋጃ ሠሪ ወይዘሮ አመተሥላሴ በበግ ጠጉር ያልሠሩት እንስሳ የለም፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን መጥቶላቸው አያውቅም። ደንበኛው የላከው የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ ከወገቡ በላይ ዓይኑ ያፈጠጠ በሬ፣ ከወገቡ በታች ዓሣ።

ሥዕሉ የመጣው በልጃቸው በቤተል ስልክ ነበር። ቤተል ደግሞ እርጉዝ ናት። እርጉዝ ሴት አስፈሪ ነገር ካየች ልጁ ያንኑ ይመስላል ሲባል እየሰሙ ያደጉት እናት «እንዳታይው!» ብለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተሙትና ከስልኩ አስጠፉት። ሥራውንም በነጠላ ጋርደው ብቻቸውን ያዙት።

ዓሣውን ከታች ጀምረው ጨረሱ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ቅርፊቱ የት አልቆ ጠጉሩ የት ይጀምራል? ሥዕሉን ቀረብ አድርገው ቢያዩት፣ ቀራጩም ጨንቆት ኖሮ መጋጠሚያውን በቅጠል ሸፍኖታል።

«የዓሣውን ግራጫና የበሬውን ቡኒ አንድ አንድ ቋጠሮ እያፈራረቅሽ ወደ ላይ ውጪ፣ እማዬ» አለች ቤተል ከኋላቸው።

«በሥላሴ! የት አየሽው?»

«ስልኩ የኔ አይደል? ሳላጠፋው በፊት ጠግቤ አይቼዋለሁ። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ይኼ ፍጡር የጾም ነው የፍስክ?»

«ከወገቡ በታች ለሑዳዴ፣ ከወገቡ በላይ ለፋሲካ» አሉና ሳቁ አመለጣቸው።

እየሳቁ ያዩት ነገር ፅንስ ይጎዳል ሲባል ግን ሰምተው አያውቁም። ነጠላውን ከሥራው ላይ አንስተው ለልጃቸው ወገብ መደገፊያ አጣጠፉላት።

«ነይ፣ ቁጭ በይ። ግራጫውን አቀብይኝ።»