ባለቤቴ ስለ እግሬ በሬዲዮ የሰጠው መልስ

የጋምቤላ ክልል ራሱን ማስተዳደር በጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከተማው ሆስፒታል ሐኪም ሲኖረው መድኃኒት ያጣል፣ መድኃኒት ሲመጣለት ደግሞ ሐኪሙ ይለቃል። እኔ የወታደር ሚስት ስለነበርኩ ከከተማው ዳር በሰፈረው ጦር ሆስፒታል መታከም እችል ነበር። ጎረቤቶቼ ዕድለኛ ነሽ ይሉኛል። እኔም እንደዚያ አምን ነበር።

ባለቤቴ ደገኛ፣ አስር አለቃ ነበር። እኔ የተወለድኩት ከጋምቤላ በታች ባሮ ዳር ባለች መንደር ነው። እናቴ ሞታለች፤ ወንድሞቼ ወደ ሱዳን ተሻግረው እዚያው ቀርተዋል። አማርኛን የለመድኩት ከገበያና ከእሱ ነው። ጦሩ ወደ ድንበር ሲንቀሳቀስ እሱም ሄደ፤ እኔ ኒውላንድ ሰፈር ባለችው የሣር ቤታችን ብቻዬን ቀረሁ። መልእክት ይልካል እያልኩ ከካምፕ የሚመጣ ወታደር ባየሁ ቁጥር በሩ ላይ እቆማለሁ። አንዳቸውም ወደ እኔ አልመጡም።

አንድ ቀን ጠዋት አሮጌው ወደብ አጠገብ ልብስ ሳጥብ ውኃው ውስጥ የነበረ የዛገ ብረት ተረከዜን ወጋኝ። ቁስሉን በወንዙ ውኃ አጥቤ በጨርቅ አሰርኩት። ውሎ ሲያድር እግሬ አበጠ፤ ቀለሙ ጠቆረ፤ ትኩሳቱም ጣለኝ። ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምትዘምር ጎረቤቴ በጋሪ ጭና እስከ ካምፑ በር አደረሰችኝ። ዘበኛው ግን እሷን ከለከላት።

«ሲቪል አይገባም» አለ።

«እሷስ?» አለች ጎረቤቴ ወደ እኔ እየጠቆመች።

«እሷ የሠራዊት ቤተሰብ ናት።»

ዘበኛው ደግፎ አስገባኝ። ዞር ስል ጎረቤቴ ከጋሪው አጠገብ ቆማ ነበር።

ሆስፒታሉ ባለቆርቆሮ ረጅም ቤት ነው፤ ሙቀቱ አያስተኛም። የሴቶች ክፍል ስላልነበረው በወንዶቹ ክፍል ጥግ አንሶላ ጋረዱልኝ። ከአንሶላው ማዶ ያሉት ቁስለኞች ጓደኞቻቸው እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ ሲቀላለዱ እሰማለሁ። አንዳንዴ በአንሶላው ሥር ማንጎ ያንከባልሉልኛል። ወደ እኔ የሚመጣ ጠያቂ ግን አልነበረም። ዶክተሩ አንሶላውን ገልጦ እግሬን ያያል፤ ከነርሷ ጋር ግማሹን በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ ይሄዳል። ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለሁሉም «የአስር አለቃው ሚስት» ነኝ።

አንድ ጠዋት ነርሷ መጥታ «ምንም እንዳትቀምሺ፤ ውኃም ቢሆን» አለችኝ።

«ለምን፣ ሲስተር?»

«ለኦፕራሲዮኑ ነዋ።»

«የምን ኦፕራሲዮን?»

ደነገጠች። «አልነገሩሽም እንዴ? ባለቤትሽ እኮ በሬዲዮ ተጠይቆ ፈቅዷል። መልሱ ትናንት ነው የመጣው።»

«ምን አለ?»

ዝቅ ባለ ድምፅ «‹ይቆረጥ› አለ» አለችኝ።

መቁረጥ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ዓሣ ይቆረጣል፣ እንጨት ይቆረጣል፣ ገመድ ይቆረጣል። ስለ እኔ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚገርመው፣ መጀመሪያ ያመመኝ የእግሬ ነገር አልነበረም። ስንት ጊዜ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩት ድምፅ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከአልጋዬ ጥቂት ራቅ ብሎ ካለው የሬዲዮ ክፍል ድረስ መጥቷል። መጥቶም አንድ ቃል ተናግሯል። ያንንም የተናገረው ለእኔ አልነበረም።

ቃሬዛ የያዙ ሁለት ወታደሮች ሲመጡ የአልጋውን ብረት ጨበጥኩ። «አልሄድም» አልኩ። ዶክተሩ ተጠርቶ እየተጣደፈ መጣ።

«እህቴ፣ ጊዜ የለንም። ቁስሉ እየተሰራጨ ነው።»

«ዶክተር፣ እግሩ የማን ነው?»



«ባለቤትሽ ፈቅዷል እኮ» አለ።

«ባለቤቴ እግሬን አላየውም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

«አማርኛ ብዙም የምትችዪ አልመሰለኝም።»

«የማልችለውን በቋንቋዬ ያስረዱኝ።»

ያን ጊዜ ከቁስለኞቹ ክንዱን ያጣ አንዱ ከአንሶላው ማዶ ተናገረ። «ዶክተር፣ የእኔን ሲቆርጡ ቁጭ ብለው አስረድተውኝ ነበር።»

ዶክተሩ ወደ ነርሷ ዞረ። «በይ፣ ቋንቋዋን የሚችል ሰው ፈልጊ» አላት። ነርሷ «ሰው እንኳ አለ» አለች፤ «በየቀኑ በሩ ላይ እየመጣች የምትመለስ ሴት አለች።»

ጎረቤቴ ነበረች። በየቀኑ መምጣቷን እኔ አላውቅም ነበር። ዶክተሩ ዘበኛው እንዲያስገባት አዘዘ። ስትገባ እጄን ይዛ አለቀሰች።

ዶክተሩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በጣቱ ቅልጥሜ ላይ እያሳየ «እስከዚህ ሥጋው ሞቷል። ከዚህ በላይ ገና ደህና ነው» አለ። ጎረቤቴ በቋንቋችን በአኝዋክኛ ነገረችኝ። በመርፌ ይድን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ሞክረው እምቢ እንዳላቸው ነገረኝ። «ብቆይስ?» አልኩት። «ነገን ካለፈ ስለ ሕይወትሽ ምንም ቃል ልሰጥሽ አልችልም» አለ። ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ሳይሰለች ደጋግሞ መለሰልኝ።

«እሺ፣ ትንሽ ተዉኝ» አልኩ።

ከጎረቤቴ ጋር ጸለይን። ከዚያ ውኃ አስመጥቼ እግሬን እንድታጥብልኝ ለመንኳት፤ አጠበችልኝ። ሲበቃኝ ዶክተሩን አስጠራሁት።

«ቁረጡት። ስነቃ ግን እሷ አጠገቤ ትሁን።»

«ትሆናለች» አለ።

ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። ስነቃ ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች። ዶክተሩም ከዚያ ወዲህ በስሜ እየጠራኝ፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድሞ እየነገረኝ ቁስሌን ያይ ነበር። ከእኔ በኋላ ለመጡ ሴቶች እንዲህ ተደርጎላቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ወደዚያ ግቢ ተመልሼ አልገባሁም።

ባለቤቴ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። ክራንቼን አየ፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስከፋሽ?»

ላስረዳው ሞከርኩ፤ አማርኛው ጥሎኝ ጠፋ። በመጨረሻ «‹እስኪ ጥሯት› ብትል ኖሮ ሬዲዮው ድረስ ተሸክመው ይወስዱኝ ነበር። አንድ ጊዜ ታናግረኝ ነበር» አልኩት።

 «አላሰብኩትም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አላሰበውም። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈቃዱ እስኪያልቅ ውኃ ቀዳልኝ፤ ክራንቹ የሚያንሸራትትበትን ደጃፍ በአሸዋ ደለደለልኝ። ስለ እግሬ ግን ደግመን አላወራንም። በሄደ ቀን እስከ ዋናው መንገድ ሸኘሁት። መኪናው ላይ ከጓደኞቹ መሀል ቆሞ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም ክራንቹን በብብቴ ይዤ እጄን አነሳሁ። አቧራው ሲረግፍ ወደ ቤት ለመመለስ ዞርኩ። መንገዱ በክራንች ረዝሞብኝ ነበርና እስክደርስ ፀሐዩ በረታ።