ለዓይኔ የተጻፈው ደብተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ውጬ ነው የተመለስኩት። እናንተ የምታነቡ ግን ስሙኝ፤ ሰምታችሁም አትዘኑልኝ።

ቦንጋ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አስካለና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በቢሮው ኮምፒውተር ከአንድ ጃፓናዊ አስተማሪ ጋር በኢንተርኔት እየተገናኘን ጃፓንኛ እንማራለን። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ፤ የበለጠው ሰው ጃፓን ሄዶ ለአንድ ዓመት ይማራል። አንድ ሰው ብቻ።

አፌ ፈጣን ነው፤ የሰማሁትን ወዲያው እደግማለሁ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፊደሎች ግን ገደሉኝ። አንዷ ፊደል ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ጭረት ታጭቋል፤ ለእኔ ማር ላይ የሰፈረ ጉንዳን ነበር። ላጎላው ስል ኔትወርኩ ደካማ ነውና ምስሉ ጭራሽ ይደበዝዛል። መነጽር መግዛት አልችልም ነበር? እችል ነበር! ግን በሠላሳ ዓመቱ ዓይኑ ፈዘዘ እንዳይሉኝ፣ ጤና የለውም ብለው እንዳያስቀሩኝ ፈራሁ።

ይህን የምታውቀው አስካለ ብቻ ነበረች። በየሳምንቱ ትምህርቱን ከስክሪኑ እያየች፣ በአንድ ገጽ አራት ፊደል ብቻ እያደረገች፣ በወፍራም እስክሪብቶ ደብተር ላይ ትገለብጥልኛለች። የጣቷ ቀለም እስከ ሰኞ አይለቅም ነበር።

የፈተናው ዕለት ቀድሜ የማነበው እኔ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ አጭር ጽሑፍ መጣ፤ አንዲት ፊደል አልለየሁም። አስካለ ካሜራው ከማያሳያት ጥግ ሆና፣ "ዝም ብለህ ድገመው" አለችኝና በሹክሹክታ ታነብልኝ ጀመር። ደገምኩ። አስተማሪው ሰማና ማን እንደሚያነብ ጠየቀ።

አይታየኝም ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን ደብተሯን አንስቼ ካሜራው ፊት ዘረጋሁት። ጽሑፉን አስቀድማ አግኝታ ገልብጣ መጥታለች፣ እኔንም እየረበሸችኝ ነው አልኩ። ፈተናው ከተማርነው የወጣ ስለነበር ደብተሩ ውስጥ ያለው ፊደል ይገጥማል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በጃፓንኛ፣ አንዲት ቃል ሳልሳሳት፣ ያልኩት እኔ ነኝ!

አስካለ ተሰረዘች። እኔን አስተማሪው፣ ንባቡ ቀርቶልህ በቃል ተፈተን አለኝ፤ አለፍኩ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

"ለዓይንህ ብዬ የጻፍኩትን?" አለችኝ።

ሄጄ መጣሁ። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር "ጋሽ ጃፓን" ይለኛል፤ በሰማሁት ቁጥር ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። አስካለ ተዛውራ ሺሺንዳ ነው የምትሠራው። እዚያም "ፈተና የሰረቀችው" ይሏታል አሉ። ወሬውን ከቢሯችን ያወጣው ማን ሆነና? ሳልጠየቅ ለሁሉም ያወራሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ ጥፋት ስሟ ሲነሣ ሰምቼ ሻዬን እየጠጣሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሺሺንዳ ያላችሁ ስሙ፦ አስካለ አልሰረቀችም። ሌባው እኔ ነኝ።

ማሩኝ አልልም። ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬም አላመካኝም። ፊደሉን አላየሁም፤ በሩ ላይ የቆመችውን አስካለን ግን አጥርቼ አይቻታለሁ። አይቼ ነው ፊቴን ወደ ስክሪኑ የመለስኩት።