ዋሱ በዚያው ቀን ይነገረው

ያለ ዋስ አናከራይህም ሲሉት ፊርማዬን ያኖርኩለት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ልጁ አየር ማረፊያ ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ ሜርስታ የምትባል ከተማ አንድ ክፍል ቤት አግኝቷል፤ ዘመድ የለውም። ያገር ልጅ ላገር ልጅ ዋስ ካልሆነ ማን ይሁነው ብዬ ፈረምኩ፤ ከዚያ ረሳሁት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ስዊድን አገር ነው። አረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ አካላ በሚባል ሰፈር ከአንዲት ሴት ጋር በደባልነት እኖራለሁ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ የራሴን ቤት አግኝቼ እናቴን ከደሴ ማምጣት። ደሴ ስደውል እህቴ "እማዬ ጠበል ገብታለች" ትለኛለች። ጠበል የገባ ሰው ለስልክ አይጠራም፤ እሺ ብዬ እዘጋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የዕድራችን ሰብሳቢና ሦስት ሴቶች ናቸው። እኔ እንደሆንኩ ምላሴ አያርፍም፤ ገና ሳይቀመጡ፣

"እንኳን መጣችሁ! ቬሊንግቢ ሁለት ክፍል ቤት ደረሰኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እፈርማለሁ። ለእማዬ መስኮት ያለው ክፍል!" አልኳቸው።

ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ሜርስታው ልጅ ጀመሩ። ኪራይ ሳይከፍል ቤቱን ዘግቶ ኖርዌይ ገብቷል፤ አከራዮቹ ዋሱን እየፈለጉ ነው።

"መቼ ነው የሄደው?"

"ሰነባብቷል።"

"ታዲያ ስልክ አታውቁም?"

"ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ።"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ይህ እኮ መርዶ አይደለም! የቤት ኪራይ ነው! እርስዎ ወጉን ሲጠብቁ እኔ ስሜ ሊጠፋ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። እውነቴን ነው። ስሙ በዕዳ የተመዘገበ ሰው አዲስ ቤት አይሰጠውም፤ የቬሊንግቢው ቤት ከእጄ ሊወጣ ነው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ሰኞ ሜርስታ ሄድኩ። የአከራዩ ቢሮ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያውን ልከንልሻል አለችኝ። የላኩት ስፈርም እኖርበት ወደነበረው ቤት ነው።

"እኔ ጋ አልደረሰም" አልኳት።

"መላክ የእኛ ግዴታ ነው፤ አድራሻ ስትቀይሪ ማሳወቅ ያንቺ።"

"እኛ አገር ተከሳሽ ከቀጠሮ ቢቀር ፍርድ ቤቱ ዋሱን ያስጠራዋል፤ መጥሪያውን በእጁ ይሰጡታል። ሳይነገረው የሚቀጣ ዋስ የት አለ?"

የስዊድንኛዬ ነገር እንደሆነ አይነሳ፤ ግን ገባት። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። በማግስቱም ሄጄ ተቀመጥኩ። መልኬን ማየት ሲሰለቻት ነው መሰለኝ አለቃዋን ጠርታ ተማከረች። ልጁ ራሱ መጥቶ ቁልፉን ካስረከበና ዕዳውን በስሙ ካመነ እኔን ሊለቁኝ ተስማሙ፤ የሰጡኝ ጊዜ እስከ ዓርብ ነው።

በቀጥታ ሰብሳቢው ቤት። "የልጁን ስልክ ቁጥር ያምጡ" አልኳቸው። ለማንም ያልነገሩት የኖርዌይ ቁጥር ከኪሳቸው ወጣ! ደወልኩ። "እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ" አይለኝም? ለሰው ሞት አነሰው! በዚያ ስልክ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሐሙስ በባቡር መጣ፣ ዓርብ ጠዋት አስረከበ፣ እኔም ነጻ ወጣሁ። የቬሊንግቢውን ውል ፈረምኩ።

ነገሩ ግን በዚህ አልበረደልኝም። ዕድራችን አካላ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሲሰበሰብ እጄን አወጣሁ።

"ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ደንባችን ላይ ይጻፍልኝ፤ ዋስ የሆነ ሰው ነገር ሲበላሽ በዚያው ቀን ይነገረው።"

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ ወጋችንን ልታስጥይን ነው አለ። ሌላው ሰው ደንግጦ ቢሞትስ አለኝ።

"ሳያውቅ ከሚጎዳ አውቆ ይደንግጥ! እንዲያውም ዋስ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በዚያው ቀን ይነገረው!"

ሴቶቹ ቀድመው እጅ አወጡ፤ ደንቡ አለፈ። ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ሰብሳቢው ብቻ እንደቆሙ ቀሩ።

"ማንኛውም ወሬ ነው ያልሽው?"

"ማንኛውም!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአሁን ጀምሮ፣ ጋሼ! ምን ያስጠብቀናል?"

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እንግዲያው ያን ጠዋት የመጣነው ለኪራይ አልነበረም፣ ልጄ። ስለ ቤቱ ስትነግሪን አፋችን አልታዘዝ አለን፤ የኪራዩን ነገር ሰበብ አደረግነው።"

በሩ ላይ የቆሙት ሦስቱ ሴቶች፣ ነጠላው፣ ያልተቀመሰው ሻይ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። እናቴ ጠበል አልገባችም ነበር። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ሲይዙኝ ጮኼ አለቀስኩ። ያን ሰሞን ሁሉ ስንቱን ስቆጣ የከረምኩ ሴት፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝና የምቆጣው ሰው አጣሁ።