የምትናከሰው ድመትና የቆሙት ሽማግሌዎች

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ጎረቤት ፖስታ ላይ አድራሻ እንድጽፍለት ሲለምነኝ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፄ ወደ ሆዴ ይገባል። ግን የድመቷን ወሬ ሰው በተቀባበለው ቁጥር እየተጣመመ ሄደ። አሁን በሰፈራችን የቀበሌውን ሊቀመንበር ጆሮ በልታለች ይባላል። ጆሯቸውን አልነካችም። ስለዚህ እንደሆነው ልጽፈው።

ያገኘኋት ሐይቅ ዳር፣ አሳ የሚሸጥበት ነው። አክስቴ አሳ ግዢ ብላ ልካኛለች። አሳ አጥማጆቹ አንጀቱን ሲጥሉ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ልጅ የሚያካክሉ መላጣ ወፎች፣ እንደ ስኳር ወረፋ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው የአንዱ እግር ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጠጋ ብዬ ሳይ የድመት ግልገል ናት። የወፉን ቅልጥም በአራት እግሯ አቅፋ ትነክሳለች። ወፉ እንደ ስልክ እንጨት ቆሟል፤ ወደ ታች እንኳ አላየም። ቆይታ ሰለቻት፤ ለቀቀችውና ወደሚቀጥለው ወፍ ሄደች።

«እናቷን መኪና ገጫት» አለኝ አንዱ አሳ አጥማጅ። «ሌሎቹም ግልገሎች አልተረፉም። ውሰጃት፤ አለዚያ ከእነዚህ አንዱ ይውጣታል።»

በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኳት። ቤት እስክደርስ አውራ ጣቴን ስታኝክ ነበር።

የምኖረው ከአክስቴና ከባሏ ጋር ነው። ወላጆቼ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። የአክስቴን ባል ጋሼ እላቸዋለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ሲያስነጥሱ ጎረቤት ይማርዎ የሚላቸው፣ ሲቆጡ ደግሞ ጎረቤት በሩን የሚዘጋ ዓይነት ሰው።

ድመቷ ቤቱን በአንድ ሳምንት ያዘችው። የተንቀሳቀሰ ሁሉ የእሷ ነው። አክስቴ ስትራመድ ተረከዟን፣ እኔ ስጠርግ እጄን፣ ጋሼ ተኝተው ጣታቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተላወሰ ጣታቸውን። ሰው ሁሉ መድኃኒት ነገረኝ። አንዷ ጎረቤት «እጅሽን በርበሬ ቀቢው» አለችኝ። ቀባሁ። ድመቷ አስነጠሳትና ክርኔን ነከሰች፤ እኔ ደግሞ ረስቼ ዓይኔን አሸሁ። ጋሼ በነጠላ ጫማ መቷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላ ጫማው ጓደኛዋ ሆነ፤ እሳቸው ሲጫሙት እንኳ አትለቅም።

ነገሩ የገባኝ የጎረቤትን የድመት ግልገሎች ሳይ ነው። ሲላፉ አንዱ ጠንክሮ ከነከሰ የተነከሰው ይጮሃል፤ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀርና በሚቀጥለው ጊዜ ጥርሱን ይቀንሳል። የእኔዋ ይህን የሚያስተምራት ወንድምም እህትም አልነበራትም። የምታውቀው አባ ኮዳን ነው፤ አባ ኮዳ ደግሞ አይጮህም። ግን አንድ ነገር አስታወስኩ፤ ወፉ ዝም ብሎ ሲቆም ትታው ሄዳለች። ስለዚህ ስትነክሰኝ እጄን መንጠቅ ተውኩ። ድርቅ ብዬ እቆማለሁ፤ ስትለቀኝ ተነስቼ ከክፍሉ እወጣለሁ። እጄን ለጨዋታ አልሰጣትም። በምትኩ ያረጀ ካልሲ በጨርቅ ሞልቼ ገመድ አሰርኩለትና ጠዋትና ማታ፣ በምታብድበት ሰዓት፣ እስክትደክም አሯሯጣታለሁ። ከእኔ ጋር ሰው ሆነች። አክስቴም መቆም ተማረች። ጋሼ ግን «ለድመት ብዬ እንደ ወፍ ልገተር?» አሉና እንቢ አሉ።

በዚያው ሰሞን ወፍጮ ቤት አንድ ሰው ተዋወቅሁ። የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። ጆንያዬን ሲያወርድልኝ እጄን አየና «ምን ነካሽ?» አለኝ።

«ድመት» አልኩ፤ ወደ መሬት እያየሁ።

«ድመት ነው የምትሉት እናንተ ነብሩን?»

ሳቅሁ። ከእኔ ይህን ያህል ድምፅ መውጣቱ ራሴንም ገረመኝ። ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ «ዘመድ ላማክር» ብለው መለሷቸው። ድጋሚ መጡ፤ ጋሼ «ልጅቷ ገና ናት» አሉ። አሁን ልጁ ወደ አርባ ምንጭ እርሻ ተዛውሮ ቅዳሜ ሊሄድ ነው። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ነገሩ ያበቃል። እኔ እፈልገው ነበር። ይህን ከድመቷ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ማለዳ መጡ። ጋሼ ገና በፒጃማ ናቸው፤ ጋቢ ደርበው ወጡ። አክስቴ እኔን ከነድመቷ ወደ ጓዳ ገፋችን፤ የምትጠየቅ ልጅ ለሽማግሌ አትታይም። ካልሲዋ ግን ሳሎን ወንበር ሥር ቀርታለች፤ ድመቷ ደግሞ የጠዋት እብደቷ ላይ ናት። በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ሦስት ናቸው፤ የልጁ አጎት የሆኑ ሽማግሌ፣ የእርሻው መካኒክ፣ እና ካኪ የለበሱት የቀበሌያችን ሊቀመንበር።

«ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ጋሼ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌው።

ወጉ ይኸው ነው። ቆመው ይጠይቃሉ፤ በጎ ቃል ሳይሰሙ ከተቀመጡ ጥያቄው ቀርቶ ሻይ ሊጠጡ የመጡ እንግዶች ይሆናሉ። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ወንበሩን ሊቀመንበሩ ጉልበት ድረስ አስጠጉት። በዚህ መሐል ድመቷ ከእጄ አመለጠች።

መጀመሪያ የሽማግሌውን እግር ያዘች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ንቅንቅ አላሉም፤ ተወቻቸው። ወደ ሊቀመንበሩ የጫማ ማሰሪያ ሄደች።

«ይህ ወጣት በምርት ግንባር የተሰለፈ» ብለው ጀመሩ ሊቀመንበሩ፣ «ስንፍናን የሚታገል፣ ሰፊውን ሕዝብ... እህ! ምንድን ነው ይሄ?»

ዘለሉ። እሷ ጨዋታ መሰላትና በሱሪያቸው ላይ ተንጠላጥላ ወደ ላይ ወጣች። እየዘለሉም ንግግሩን አላቋረጡም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቀመጡና እግርዎን ሰቀል ያድርጉ» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸው በርቶ።

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ያዙ። ጉልበታቸው መታጠፍ ጀመረ። ቅዳሜ ታየኝ፤ የሚሄደው መኪና ታየኝ። አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ።

«እንዳትንቀሳቀሱ!»

ከመጋረጃ ኋላ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ በዚያ ዘመን ሰው ማንነቱን አይጠይቅም። ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። መካኒኩም፣ አክስቴም ከነትሪዋ፣ ሊቀመንበሩም። ድመቷ ትንሽ ጠበቀች፤ ሱሪው እንደማይጫወት ሲገባት ወረደች።

ጋሼም እጃቸውን አንስተው ነበር። ጋቢያቸው ወደቀና የፒጃማቸው ገመድ ተንጠለጠለ። ድመቷ አየችው።

«ጋሼ፣ ይቁሙ!» አልኩ። እሳቸው ግን መቆም አልተማሩም። ዞሩ፣ እሷም ዞረች። በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው «አንሱልኝ!» አሉ።

«እኛማ ቆመን ነው ያለነው» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸው ከነከዘራቸው ወደ ላይ እንደሆነ። «ጉዳያችን ከተሰማ እንንቀሳቀሳለን።»

«ይህን ጊዜ ጠብቃችሁ?»

«ስንቴ መጣን ወንድሜ፣ የተሻለ ጊዜ መቼ ሰጡን?»

ገመዱ እየተፈታ ነው። ጋሼ ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቺ፣ ምን ትያለሽ?»

«እኔ እጄን አንስቻለሁ» አለች አክስቴ።

ጋሼ ወደ መጋረጃው አዩ። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ፤ ሌላ ነገር ነበር። «ይህቺ ቤት ባዶ ልትቀር ነው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጮክ ብለው «እሺ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ!»

ወጣሁ። ሽማግሌ ፊት መውጣት ነውር መሆኑን ያስታወስኩት መሐል ሳሎን ከደረስኩ በኋላ ነው። ካልሲዋን ከወንበር ሥር ጎትቼ መሬት ላይ አስኬድኩላት፤ ጋሼን ለቃ ተከተለችኝ። ልመለስ ስል ሊቀመንበሩ ጠሩኝ። ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራቸው ሰው ናቸው።

«እህት» አሉኝ በቀስታ፣ «እጃችንን ማውረድ ይቻላል?»

ራሴን ነቀነቅሁ። መካኒኩ ያኔ ሳቁን ለቀቀው።

የሠርጉ ድግስ አልሰፋም፤ ጊዜም አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ የእርሻው መኪና በር ላይ ቆመ። ድመቷን በቅርጫት አዘጋጅቻት ነበር፤ ቅርጫቱን ሳነሳው ቀለለኝ። ጋሼን ልጠይቅ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እግራቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሐይቁ አቅጣጫ ተክለው እንደ አባ ኮዳ ቆመዋል። ድመቷ የጫማቸውን ማሰሪያ ታኝካለች። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሳ አልተንቀሳቀሱም፤ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ።

«በይ ሂጂ ልጄ፤ እሷን ግን ተዪልኝ፤ አሁን እኮ መቆም ለምጃለሁ።»