ከአልጋዬ ስር

ጀልባችን ላይ ገመድ የማስረው እኔ ነኝ። የማላውቀው ተሳፋሪ የለም፤ የእኚህን አሮጊት ስም ግን ጠይቄ አላውቅም። ከደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ነው የሚመጡት። የወንድ ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ፤ ወንበር ብንለቅላቸውም የገመዱ ክምር ላይ ነው የሚቀመጡት። በእንጆሪ ወራት ጣታቸው ይቀላል፣ ባልዲያቸውም በሻሽ ይሸፈናል።

እኛ ኦጂብዌዎች፣ የዚህ የሰሜን አሜሪካ ሐይቅ ነባር ሕዝቦች፣ እንጆሪን የልብ ፍሬ እንለዋለን፤ የለቀምንበትን ቦታ ለሰው አንናገርም። መጠየቅ ግን ደንብ ነው።

«እማማ፣ ከየት ለቀሙት?»

«ከአልጋዬ ስር።»

«ትናንት ከጣሪያው ላይ ብለውኝ ነበር።»

«የጣሪያው አለቀ።»

ዘንድሮ ሐይቁ ዳር መንገድ የሚያመለክት ቀስት ያለበት ሰሌዳ ቆመ፤ «የልብ ፍሬ ሜዳ» ይላል። አስጎብኚዋ ዳርላ እዚሁ ጀልባ ላይ ወደ አሮጊቷ እየጠቆመች ለእንግዶቿ ስታወራ ሰማኋት።

«ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እንጆሪ የምትለቅምበትን ቦታ ከኔ በቀር ለማንም አሳይታ አታውቅም።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። እንግዶቹ ሲመለሱ እንጆሪውን ከነሥሩ ነቅለው ይዘው ነበር።

ዛሬ አሮጊቷ እንደገና ተሳፈሩ። ባልዲው እንደወትሮው በሻሽ ታስሯል፤ ጣታቸው ግን ንጹሕ ነው። ስንደርስ ላወርድላቸው ባነሳው ባልዲው ቀለለኝ። የለመድነውን ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ዛሬስ ከየት ለቀሙት?»

ባልዲውን ተቀበሉኝና ሻሹን ጠበቅ አደረጉት።

«ቀስቱን ተከተል፣ ልጄ።»