ስምንት ያሳየው ደም

ጉንቮር የወንድሟን ጣት በመርፌ ወጋች። የወጣውን የደም ጠብታ በቀጭን ቱቦ ስባ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።

«ዓሣ የምትወጊ ነው የሚመስለው» አለ ኤይለርት። ፊቱ በትኩሳት ቀልቷል።

«ዓሣ አይነጫነጭም።»

በዚህች ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባት የሎፎተን ደሴት ሰው ጤና ጣቢያ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ጣቱን ይዘረጋል። ባክቴሪያ ሲያጠቃ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን አለ፤ ማሽኑ እሱን ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒት፣ ዝቅ ካለ ሻይ በማር ነው። ጉንቮር በዚህ ሥራ አርጅታለች። ባሏን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ የቀራት ሰው ኤይለርት ብቻ ነው።

ማሽኑ ስምንት አለ፤ ዝቅተኛ ነው።

«በቃ፣ ጉንፋን ነው» አለ ኤይለርት። «ከሰዓት ወደ ባሕር እወጣለሁ።»

«ትኩሳቱ መቼ ጀመረህ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያው ደምህ ገና አልሰማም። ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ነገ ተመለስ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ያመንሽው ማሽን እኔ ላይ ሲደርስ ውሸታም ሆነ?»

ሐኪሙ ሲንድሬም ደረቱን አዳምጦ ያንኑ ነገረው፤ ነገ ደግመን እንለካለን፣ እስከዚያ ባሕር የለም። ኤይለርት እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በልጅነታቸው እናታቸውን የሚሸነግላትም እንዲሁ ነበር። ኮድ የሚባለው ዓሣ ወደ ዳርቻው የሚጎርፈው በዚሁ በየካቲት ወር ነው፤ ኤይለርት ደግሞ የሚያጠምደው ብቻውን ነው። ጀልባው ላይ ቢወድቅ የሚያነሳው የለም።

ጃኬቱ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። እሱ ከሐኪሙ ሳይወጣ ጉንቮር የጀልባውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣች።

ከወደቡ ደወለላት።

«ቁልፌን አምጪ።»

«ነገ ጣትህን ይዘህ ና፣ ትወስዳለህ።»

«ሌባ።»

«እሺ። አሁን ግባና ተኛ።»

ሌሎቹ ጀልባዎች ሲወጡ ወደቡ ዳር ቆሞ አያቸው።

በማግስቱ ጎረቤቱ ደግፎ አመጣው። ማሽኑ ሁለት መቶ አሥር አለ። ሲንድሬ የሳንባ ምች ነው አለ፤ ፔኒሲሊን በደም ሥሩ ሰጥቶ ሄሊኮፕተር ጠራ። ኤይለርት ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ እጁን ወደ እህቱ ዘረጋ። ልትይዘው ስትል «ቁልፌን» አላት። ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

በዚያ ዓመት ከደሴቷ ዓሣ አጥማጆች ሁሉ ያነሰ ዓሣ ያወጣው፣ ድኖ ዘግይቶ ወደ ባሕር የተመለሰው ኤይለርት ነበር።